ኦቨኑ አልሞቅ ያለው የግድ ቦርዱ ተቃጥሎ አይደለም

ጥያቄ፦ «ጅማ፣ ኮቺ ነው የምኖረው። ባለ አራት ምድጃ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ከነኦቨኑ አለኝ፤ ከገዛሁት አምስት ዓመት ሆነው። ፊት ለፊቱ ላይ ዲጂታል ሰዓትና ሦስት ትንንሽ ቁልፎች አሉት። የኦቨኑን ሙቀት የማስተካክለው ግን በሚዞር ማብሪያ ነው፤ እስከ 250 ተጽፎበታል። ሐምሌ ላይ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ኦቨኑም መሞቅ አቆመ። ላይ ያሉት አራቱም ይሠራሉ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ባደረ ጠዋት ሰዓቱ ጭራሽ አይበራም። እኩለ ቀን ላይ ወጥ ቤቱ ሲሞቅ ይመለሳል። ያየው ባለሙያ ‹ቦርዱ ተቃጥሏል፤ ከአዲስ አበባ አስመጪ፣ ካልሆነ ዳይሬክት ላድርግልሽ› አለኝ። ወንድሜ የዚሁ ብራንድ ያገለገለ ቦርድ አግኝቷል፤ ዋጋው የስቶቩን ግማሽ ያህላል። ድፎ ዳቦና ኬክ እየጋገርኩ ስለምሸጥ ቸኩያለሁ። ልግዛ ወይስ ዳይሬክት ይደረግልኝ?»

ምላሽ፦ አይግዙ። ዳይሬክትም (ቦርዱን ዘሎ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት) አያስደርጉ። የተቃጠለ ቦርድ እኩለ ቀን ላይ አይድንም። ወጥ ቤቱ ሲሞቅ ሰዓቱ ተመልሶ ከበራ ቦርዱ ታሟል እንጂ አልሞተም። የታመመበት ቦታም ያን ያህል የተሰወረ አይደለም።

«ቦርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ቃል በየቤቱ ይነገራል። ብዙ ጊዜ ግን ቴስተር (የመብራት መለኪያ) ሳይወጣ ነው የሚነገረው። መኪናው አልነሳ ባለ ቁጥር «ሞተሩ ነክሷል» እንደማለት ነው። የትኛው ዕቃ ነው የተቃጠለው? ሪሌዩ? ፊውዙ? ካፓሲተሩ? ይህን መመለስ ያልቻለ ሰው ቦርዱን አልመረመረም፤ ገምቷል።

የእርስዎ ጥያቄ ውስጥ ደግሞ ሁለት ነገር ተደበላልቋል። አንደኛው ብልሽት አይደለም። ሁለተኛው ነው።

ብልጭ ድርግም ከሚለው እንጀምር። ሰዓት ያላቸው የቱርክና የአውሮፓ ሥሪት ኦቨኖች መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓታቸውን ይረሳሉ። 0.00 ወይም 12.00 እያሉ ይርገበገባሉ። አንዳንዱ ላይ «ኤ» የምትለው የላቲን ፊደል አብራ ትርገበገባለች። አውቶማቲክ ላይ ነኝ ማለቷ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ብዙው ኦቨን አይሞቅም። ማብሪያውን የቱንም ያህል ቢያዞሩት፣ ሰዓቱ ካልተሞላለት ወይም ወደ ማንዋል (በእጅ ወደሚሠራበት) ካልተመለሰ መስመሩን አይከፍትም። የተሠራው እንደዚያ ነው። ሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ የቆየ ሰዓት ሲነሳ የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱ በበራበት ሰዓት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ይህን ይሞክሩ። ባለ ሦስት ቁልፍ ሰዓት ላይ አንዳንዱ የመሃሉን ቁልፍ ለሁለት ሦስት ሰኮንድ ተጭነው ሲይዙት ወደ ማንዋል ይመለሳል። ሌላው የመደመሩንና የመቀነሱን ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ይፈልጋል። በየሥሪቱ ይለያያል፤ የመመሪያው ወረቀት ካለ ይዩት። ትክክል ሲሆን መርገብገቡ ይቆማል። የእጅ ወይም የድስት ምልክት ይታያል። የቁልፍ ምልክት ካዩ ደግሞ የልጆች መከላከያው ተቆልፏል ማለት ነው፤ እሱን ይፍቱት። ከዚያ የኦቨኑን መምረጫ ከላይም ከታችም ወደሚያሞቀው ያዙሩ፤ ሙቀቱን 180 ላይ ያድርጉና ጆሮዎን ወደ ሰዓቱ ያስጠጉ። ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። አምስት ደቂቃ ቆይተው በሩን ገርበብ ቢያደርጉት ሙቀቱ ፊትዎን ይመታዋል።

ከሞቀ፣ ሐምሌ ላይ የተበላሸ ነገር አልነበረም። ቦርዱን የገደለውም መብራቱ አይደለም። ካልሞቀ ግን ወደታች የማነሳውን ልኬት ይፈልጋል።

አሁን ወደ እውነተኛው ብልሽት። ከዚያ በፊት ግን የእርስዎ ቦርድ ምን እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ከሰዓቱ ጀርባ ያለችው ካርድ የእጅ መዳፍ የምታህል ናት። ሥራዋ ሁለት ነው። ሰዓት ትቆጥራለች፤ ወደ ኦቨኑ የሚሄደውን መስመር ደግሞ በአንዲት ሪሌይ (በመብራት በምትሳብ ትንሽ ማብሪያ) ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሙቀቱን የምትቆጣጠረው እሷ አይደለችም። እሱን የሚሠራው ከሚዞረው ማብሪያ ጀርባ ያለው ቴርሞስታት ነው። ከቴርሞስታቱ ቀጭን የብረት ቱቦ ወጥታ ኦቨኑ ውስጥ ትገባለች። ጫፏ ላይ ያለው ፈሳሽ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ተለጥጦም ኮንታክቱን (መብራት የሚያልፍበትን መገናኛ) ያላቅቃል። ኤሌክትሮኒክስ የለበትም። መብራት ቢሄድ ቢመጣ ግድ የለውም።

ካርዷ የራሷ ትንሽ የኃይል ክፍል አላት። 220 ቮልቱን ወደ 12 ወይም 24፣ ከዚያም ወደ 5 ቮልት ታወርደዋለች። ይህን ሥራ የሚያግዙት ቆመው የሚታዩት በርሜል መሳይ ኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮች ናቸው፤ መብራት እያጠራቀሙ ቮልቴጁን ያረጋጋሉ። ውስጣቸው እርጥብ ነው። ኦቨን አጠገብ ሲኖሩ ዓመት በዓመት ይደርቃሉ። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከጋገሩ በኋላ ኦቨኑ ጠፍቶም የፊት ፓነሉ ለረጅም ጊዜ ይግላል። የእርስዎ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ ለንግድ ሲጋግር የኖረ ስቶቭ ነው።

የደረቀ ካፓሲተር ጠባዩ አንድ ነው፤ ብርድ አይወድም። ሲቀዘቅዝ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ቮልቴጁ ይንቀጠቀጣል፤ ካርዷ መነሳት ያቅታታል። ትንሽ ሲሞቅ ይለሰልስና ሥራ ይጀምራል። የጅማን ክረምት ደግሞ ያውቁታል። ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጠዋት ወጥ ቤቱ እንደ ምንጭ ዳር ይቀዘቅዛል። ሰዓቱ ጠዋት እምቢ ብሎ እኩለ ቀን ላይ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ብይዱ የተሰነጠቀ ቦርድ ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ጠዋት ይሠራል፤ ኦቨኑ ሃያ ደቂቃ ሲሞቅ ይጠፋል። ይህች አንዲት ልዩነት ግማሹን ምርመራ ትጨርሳለች። እርስዎ ሳያውቁት ነግረውኛል።

እርጥበቱ ብቻውንም ሊሆን ይችላል። ባለፈው ክረምት አንዲት ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ መጣች። ጠባይዋ ከእርስዎዋ ጋር አንድ ነው። ገልብጬ በአጉሊ መነጽር ሳያት በሪሌዩ ሁለት እግሮች መሃል የደረቀ በረሮ ተጣብቋል። ዙሪያው ጥቋቁር ነጠብጣብ ነው፤ የበረሮ ኩስ። በረሮ ሞቅ ያለና ጨለማ ቦታ ይወዳል። ከስቶቭ ፓነል ጀርባ የተሻለ ቤት ከየት ያገኛል? ኩሱ ደረቅ ሲሆን ችግር የለውም። እርጥበት ሲጠጣ ግን መብራት ያስተላልፋል። በዚያው ካርድ ላይ ከአንዱ ካፓሲተር ሥር ቡናማ የሚያጣብቅ ነገር ፈስሷል፤ አናቱም እንደ ተነፋ ቆርኪ ጎብጧል። ሁለቱንም ነበር ያገኘሁት። በአልኮል አጠብኳት፤ ሦስት ካፓሲተር ቀየርኩ፤ ሠራች። ጅማ ነውና በስቶቭ ላይ ቡና የሚቆላ ቤት ደግሞ ገለባውንም ፓነሉ ውስጥ አገኘዋለሁ። ቦርድ ባይገድልም አቧራና እርጥበት ይይዛል።

የካፓሲተሩን በሽታ ከእርጥበቱ ለመለየት ጠጋኙ የሚጠቀምበት ቀላል ዘዴ አለ። ካርዷ አልነሳ ባለችበት ጠዋት የፀጉር ማድረቂያ ወስዶ ካፓሲተሮቹን ብቻ ለጥቂት ሰኮንድ ያሞቃል። ሰዓቱ ወዲያው ከበራ ጥፋተኛው ተያዘ። ካልበራ ማጠብና ማድረቅ ይቀድማል። ይህን ራስዎ አይሞክሩት፤ ምክንያቱን እነግርዎታለሁ።

ሌላ ተጠርጣሪ አለ። በብዙ ርካሽ ካርዶች ላይ ትራንስፎርመር የለም። በምትኩ 220ውን የሚቀንሰው «ኤክስ 2» የተጻፈበት፣ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ ወይም ግራጫ ካፓሲተር ነው። እሱ ብዙ ጊዜ አይፈነዳም፤ አያብጥም፤ ዝም ብሎ ያልቃል። 0.47 ማይክሮፋራድ የተጻፈበት ሲለካ ግማሹን አጥቶ ይገኛል። ያኔ ሰዓቱ ይደበዝዛል፤ ሪሌዩን ለመሳብም አቅም ያንሰዋል። አይቶ ማወቅ አይቻልም። ካፓሲተር በሚለካ ቴስተር መለካት አለበት።

ማስጠንቀቂያው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ካርድ ከ220ው ጋር አልተለያየም። «5 ቮልት ነው» የተባለው ወገን ሁሉ ከመሬት ሲለካ 220 ሊሆን ይችላል። ሰዓቷን ያየ ሰው የባትሪ ሰዓት ትመስለዋለች፤ ሰው ትገድላለች። ስለዚህ ፓነሉን ከመክፈት በፊት ብሬከሩ ይወርዳል፤ ከዚያም መውረዱ በቴስተር ይረጋገጣል። ስፒና ያለው ከሆነ ይነቀላል። በስቶቩ ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም፤ ካርዷ ሁልጊዜ መብራት ላይ ናት። ብሬከር ከወረደም በኋላ ካፓሲተር ውስጥ የቀረ ይኖራል። ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ።

«ላዩ ስለሚሠራ መብራት ይደርሳል፤ እንግዲያው ቦርዱ ነው» የሚለው ክርክርም ትክክል አይደለም። ላይ ያሉት አራቱ ምድጃዎች በየራሳቸው ማብሪያ ነው የሚሠሩት፤ በካርዷ አያልፉም። ካርዷን አውጥተው ቢጥሏት እንኳ ይግላሉ። በዚያ ላይ የዚህ ዓይነት ስቶቭ ጀርባው ላይ ለሁለትና ለሦስት ፌዝ (መብራት የሚያመጣ መስመር) የተዘጋጀ ተርሚናል፣ ማለትም የሽቦ ማሰሪያ፣ አለው። እኛ ቤት አንድ ፌዝ ብቻ ስለሚገባ በትንንሽ የመዳብ ቁራጮች እርስ በርስ ይያያዛል። አንዷ ቁራጭ ከላላች ወይም ከነደደች ላዩ እየሠራ ኦቨኑ ይሞታል። እዚያ ላይ የጠቆረ ፕላስቲክ ሳይ ብዙ ጊዜ ቦርዱን ሳልነካ ነው የምወጣው። የሰባት ሺህ ተኩል ዋት ስቶቭ ሁሉም ሲበራ በ220 ቮልት 34 አምፔር ገደማ ይስባል። በዚህ ላይ የላላ ቪስ ምን እንደሚያደርግ ያስቡት።

በማንዋል ላይ ሆኖም ካልሞቀ፣ ልኬቱ ከተርሚናሉ ነው የሚጀምረው። ቀጥሎ የኦቨኑ ኤለመንት፣ ማሞቂያው። መብራቱ ወርዶ፣ ሽቦው ከአንዱ ጫፍ ተነቅሎ ይለካል። 2000 ዋት የሆነው ኤለመንት 24 ኦም ገደማ፣ 1200 ዋት የሆነው 40 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ከብረት አካሉ ጋር ሲለካ ደግሞ ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ኤለመንቱ ወደ ስቶቩ አካል እያፈሰሰ ነው፤ ኤርዝ በሌለው ቤት ይህ ነው ሲነኩት የሚነዝረው። ከዚያ ከኦቨኑ ጀርባ ያለችው የሙቀት መቁረጫ ትለካለች። እሷ ከተላቀቀች የኦቨኑ አምፖል እየበራ ሙቀት አይኖርም። ካርዷ የምትጠረጠረው እነዚህ ሁሉ ደህና ሲሆኑ ነው። የሪሌዩ ሁለት ኮንታክቶች «ቀጭ» ካለ በኋላም ካልተገናኙ ሪሌዩ ብቻ ይቀየራል። 16 አምፔር የሚችል፣ የጥቅልሉ ቮልቴጅ ከነባሩ ጋር አንድ የሆነ። ቦርድ አይቀየርም።

ስለ ዳይሬክት ደግሞ ሁለት ዓይነት ኦቨን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ እርስዎ በሚዞር ቴርሞስታት የሚሠራ ላይ፣ የሰዓቷን ሪሌይ አልፎ ሁለቱን ሽቦ ማገናኘት ቴርሞስታቱን አያጠፋም። ኦቨኑ በ180 መቁረጡን ይቀጥላል። የሚያጡት ሰዓቱንና በራሱ መጥፋቱን ነው። ባለሙያው ይህን ማለቱ ከሆነ እብደት አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ «ዳይሬክት» ሲባል ፌዙን ቀጥታ ኤለመንቱ ላይ ማስገባት ነው። ያ ቴርሞስታቱንም የሙቀት መቁረጫዋንም አብሮ ይዘላል። ኦቨኑን የሚያቆመው ነገር የለም። ብረቱ ይቀላል፤ መስታወቱ ይፈነዳል፤ ካቢኔው ይያያዛል። ለሽያጭ የሚጋግር ሰው ደግሞ ኦቨኑን ከፍቶ ደንበኛ ሊሸኝ ይወጣል። ለዚህ ነው አያስደርጉ ያልኩት። ሙቀቱን ራሱ ቦርዱ በሚቆጣጠርበት በንክኪ የሚሠራ ኦቨን ላይ ደግሞ ዳይሬክት የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። የሚያደርግልዎ ካለ ከቤትዎ ያስወጡት።

ይህን የሚያነቡ የንክኪ ኦቨን ያላቸው ሰዎች ስላሉ አንድ ነገር ላክልላቸው። የስህተት ኮድ ማሳየት ማለት ቦርዱ ሞቷል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የሚናገር ቦርድ በሕይወት ያለ ቦርድ ነው። ኮዱ በየብራንዱ ይለያያል፤ አንዱ ላይ ሴንሰር የሆነው ሌላው ላይ የበር መቆለፊያ ነው። ብዙዎቹ የሙቀት ሴንሰራቸው ፒቲ 1000 የሚባለው ነው። በ0 ዲግሪ 1000 ኦም፣ በ20 እና በ25 ዲግሪ መካከል ከ1080 እስከ 1100 ኦም ገደማ ያሳያል። እኔ ራሴ በዚህ ተሸውጃለሁ። አንድ ቤት ገብቼ ኮዱን አየሁና ቦርዱን ኮነንኩ። ሰውየው ቦርድ አስመጡ፤ ገጠምኩ፤ ያው ኮድ። የሴንሰሩን ሽቦ ከኦቨኑ ጀርባ አይጥ በልታው ነበር። የቦርዱን ግማሽ ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሴንሰር ሳልለካ ቦርድ አልኮንንም።

ወንድምዎ ስላገኘው ቦርድ። አንድ ብራንድ መሆኑ ምንም ማለት አይደለም። አንዱ ፋብሪካ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚመሳሰሉ ግን የማይተካኩ ብዙ ካርዶችን ያወጣል። መተያየት ያለበት ካርዷ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ያለው ቁጥር ነው፤ የመጨረሻዋ ፊደል ሳትቀር። የሶኬቱ እግር ልክ ገብቶም ሪሌዩ ሌላ መስመር ሊከፍት ይችላል። በዚያ ላይ ያገለገለ ቦርድ ከሌላ ኦቨን ፊት ተነቅሎ የመጣ ነው፤ ያው የደረቀ ካፓሲተር ይዞ። በስቶቩ ግማሽ ዋጋ የሌላ ሰው በሽታ እንደ መግዛት ነው። ወንድምዎ ቀብድ ካልከፈለ ይተወው።

ከአሜሪካ በኮንቴይነር ስለሚመጡትም እጠየቃለሁና በአጭሩ ልመልስ። እነዚያ ለ60 ኸርዝ የተሠሩ ናቸው፤ የእኛ 50 ነው። ሰዓታቸው ከመስመሩ ላይ የሚቆጥር ከሆነ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። ሰዓቷን በዚያው ዓይነት መቀየር ምንም አይፈይድም። ከዚህ የሚከፋው ውስጣቸው ያለው የ120 ቮልት መስመር ነው። አምፖሉ፣ በብዙዎቹም ላይ ቦርዱ ራሱ፣ በ120 ነው የሚሠራው። ሽቦውን ያላወቀ ሰው ካገናኘው በመጀመሪያው ቀን ይጨሳሉ። በእውነት «ቦርዱ ተቃጥሏል» የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ካርዷን የሚጠግነው ኤለመንት የሚቀይረው ባለሙያ አይደለም። ሙያው ሌላ ነው፤ አልወቅሰውም። እዚያው ጅማ መርካቶ አካባቢ ቴሌቪዥንና ዲሽ የሚጠግኑ ልጆች አሉ። ካፓሲተር መቀየር የየቀኑ ሥራቸው ነው። ስቶቩን መውሰድ አያስፈልግም። ባለሙያዎ ብሬከሩን አውርዶ፣ የሽቦዎቹን ቦታ በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ ካርዷን ብቻ በካቻቢቴ ፈትቶ ያውጣት። የወጡት ሽቦዎች ጫፋቸው እየተሸፈነ ይቀመጥ፤ ብሬከሩም ካርዷ እስክትመለስ አይነሳ።

ለጠጋኙ የሚነግሩት ይህ ነው። ኤሌክትሮላይቶቹ በሙሉ ይቀየሩ፤ አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው የለም። 85 ሳይሆን 105 ዲግሪ የተጻፈበት ይሁን። ማይክሮፋራዱ አንድ ዓይነት፣ ቮልቱ እኩል ወይም በለጥ ያለ። ኤክስ 2 ካፓሲተሩ ይለካ፤ ከጎደለ በራሱ ዓይነት ይተካ፤ ተራ ካፓሲተር አይገባበትም። የሪሌዩ እግሮች እንደገና ይበየዱ። እግሮቹ ዙሪያ እንደ ቀለበት ያለ ስንጥቅ ይታያል፤ ባይታይም ይበየዱ። ካርዷ በአልኮል በብሩሽ ትታጠብ፤ በደንብም ትድረቅ። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የዕቃው ዋጋ አንድ ድፎ ሸጠው ከሚያገኙት ብዙም አይርቅም፤ የሚከፍሉት ለእጁ ነው።

መጠገን የማይቻልበት ጊዜም አለ። ካርዷ ላይ የከሰለ ጥቁር ቦታ ካለ፣ ጣውላዋ ራሷ ከተቃጠለች፣ ከሰሉ መብራት ስለሚያስተላልፍ ተመልሳ ትነዳለች። 5 ቮልቱ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ካልተነሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው ቺፕ ሄዷል፤ ውስጡ ያለውን ፕሮግራም ማንም አይሸጥልዎትም። ያኔም ያን ውድ ቦርድ አይግዙ። በእርስዎ ዓይነት ኦቨን ላይ ማንኛውም 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 16 አምፔር የሚችል የኦቨን ታይመር፣ ቀዳዳው ላይ እስከገባ ድረስ፣ ይሠራል። በእጅ የሚጠመዘዘው ባለ 120 ደቂቃ ሜካኒካል ታይመርም ይሆናል። ለሚጋግር ሰው እኔ እሱን ነው የምመርጠው። መብራት ሲሄድ የሚረሳው ነገር የለም።

ከተጠገነ በኋላ መከላከያ ያስገቡ። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ቮልቴጅ አይታመንም። ትራንስፎርመር አካባቢ ኒውትራል (መላሹ መስመር) ከተላቀቀ ደግሞ ቤትዎ ከ220 በላይ፣ ወደ 380 የሚጠጋ ሊገባ ይችላል። የጎረቤትዎ ቲቪና የእርስዎ ፍሪጅ በአንድ ቀን ከተቃጠሉ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። ለፍሪጅ የሚሸጠው ትንሹ መከላከያ ስቶቭ አይችልም፤ ራሱ ይቀልጣል። ዲቫይደር ላይ ስቶቭ መሰካትማ አይታሰብም። የሚፈልጉት ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገባው የቮልቴጅ መከላከያ ነው። 40 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ፤ ሲበዛም ሲያንስም የሚቆርጥ፤ መብራት ሲመጣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ የሚያስገባ። እሱ በሌለበት ቤት መብራት ሲሄድ የስቶቩን ብሬከር ያውርዱት፤ ተመልሶ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ያንሱት።

እስኪጠገን ድረስ ትዕዛዝ ካለብዎ፣ ወደ ማንዋል ከመለሱት በኋላ ከሰዓት በኋላ መጋገር ይችላሉ። ጆሮዎን ግን ለሰዓቱ ይስጡ። ሪሌዩ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ደህና ነው። «ትርርር» እያለ ከተንቀጠቀጠ ኮንታክቱ እየነደደ ነው፤ ተጣብቆም ሊቀር ይችላል። ከተጣበቀ ሰዓቱ አጠፋሁ እያለ ኦቨኑ መጋሉን ይቀጥላል። ያንን ድምፅ ከሰሙ ዳቦው ይቅር፤ ብሬከሩን ያውርዱ።